ከበደ ሚካኤልና የመምህሩ የእርጅና ዋስትና

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ መንዝ በሚባለው አገር፣ ገሪም ገብርኤል በተባለው መንደር በጥቅምት ወር 1909 ዓ.ም. ከበደ ሚካኤል ተወለዱ። እኒህ ሰው ከነጻነት በኋላ በነበሩት አሥርታት መጻሕፍታቸው በአገራችን ትምህርት ቤቶች ሲነበቡ የኖሩ፣ ብዙ ተማሪ ግጥማቸውን በቃሉ አጥንቶ ያደገባቸው፣ ብዙ መምህርም የዕለት ትምህርቱን ያዘጋጀባቸው ደራሲ ናቸው። በዚህም ምክንያት ከደራሲነታቸው ባሻገር የመምህራን መምህር ብንላቸው አልተጋነነም።

ስለ መምህራን የጡረታ ዋስትና ሲነሣ ዘወትር የሚቀርበው የአንቀጽና የቁጥር ክርክር ነው። ቁጥሩም አንቀጹም አስፈላጊ መሆናቸው አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ጡረታ ማለት በመጨረሻው አንድ ሰው ጉልበቱን ለአገር ከሰጠ በኋላ በምን ይኖራል የሚለው ጥያቄ ስለሆነ፣ ነገሩን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አድርጎ መመልከት ከብዙ ሰንጠረዥ ይልቅ ያስተምራል። የከበደ ሚካኤል ሕይወት ለዚህ የተመቸ ነው፤ የሥራቸው ክብር ከፍ ያለ ሲሆን፣ እርጅናቸው ግን ያላሰቡት ሆኖ አልፏልና።

የተወለዱበትን አገር ሳያውቁ ሰውየውን ማወቅ ያስቸግራል። መንዝ ብርድ የጸናበት፣ ገብስና በግ የኑሮ መሠረት የሆኑበት፣ ባና ለብሶ ብርዱን የሚቋቋም ሕዝብ የሚኖርበት ደጋ ነው። ከመሐል ሜዳ ከተማ ወዲያ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ የጓሳ ምድር ተዘርግቶ ይገኛል። ስሙን ያገኘው ከሚያበቅለው ሣር ሲሆን፣ ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ገሳና ለከብት መኖ ያገለግላል። ጭላዳና ቀይ ቀበሮም በዚያው ይኖራሉ።

የጓሳን ምድር ከሌላው ግጦሽ የለየው ግን የሣሩ ዓይነት ብቻ ሳይሆን የአጠባበቁ ሥርዓት ነው። አገሬው እንደሚተርከው አስቦና ጌራ የተባሉት አባቶች ምድሩን ለዘሮቻቸው የጋራ አጽመ ርስት አድርገው ትተውላቸዋል። የእነርሱም ተወላጆች የቄሮ ሥርዓት በሚባል ደንብ ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩ በተከታታይ ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንድ ጊዜም ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ በዚያን ጊዜ ማንም አያጭድም፣ ማንም ከብት አያስገባም። ጥበቃውን የሚመራው ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው የመረጡት አለቃ ሲሆን፣ ጉልበት ያለው ሁሉ በተራው እየወጣ ይጠብቃል፤ ተራውን ያጓደለና ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ምድሩ የሚከፈትበትን ቀን የሚወስኑት ሽማግሌዎች ከሕዝቡ ጋር መክረው ነው። ድርቅ በጠና ጊዜ የተጠራቀመው ሣር ለሰውም ለከብትም ይደርሳል። ክረምቱ ሲገባ ምድሩ እንደገና ይዘጋል።

ይህን ሥርዓት ያሰቡ ሰዎች ጡረታ የሚል አዋጅ አላነበቡም። ነገር ግን የጡረታ ፈንድ የሚቆምበትን ሐሳብ አውቀውታል። በደጉ ዘመን ከመጠቀም መታቀብ፣ በክፉው ዘመን ያለ ጠብ መካፈል፣ ጠባቂውንም ባለቤቶቹ ራሳቸው መሾም፤ ነገሩ ሁሉ በእነዚህ ሦስቱ ላይ ይቆማል። ከበደ ሚካኤል የተወለዱት ይህ ሥርዓት ገና በሙሉ ኃይሉ ይሠራ በነበረበት አገርና ዘመን ነው።

በልጅነታቸው እንደ ዘመናቸው ልጆች ሁሉ የመጀመሪያ ትምህርታቸውን ያገኙት ከቤተ ክርስቲያን መምህራን ሲሆን፣ ግእዝንም በዚያው ተማሩ። ያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን መምህር ደመወዝ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። የሚኖረው ደብሩ ለአገልጋዮቹ በመደበው መሬት፣ በምእመናን ስጦታና ተማሪዎቹ በሚያቀርቡለት አገልግሎት ነበር። ሲያረጅም የሚጦረው ልጁ፣ ዘመዱ ወይም ደቀ መዝሙሩ ነው። በቋንቋችን ጡረታ የሚለው ቃል ራሱ መጦር ከሚለው ግሥ የወጣ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ጧሪ ቀባሪ ያለው ሰው ባለጸጋ ይባል ነበር፤ ጧሪ ያጣ መምህር ግን ዕውቀቱ ምንም ያህል ቢበዛ የሰው እጅ ከማየት አያመልጥም ነበር።

ወጣቱ ከበደ ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያም የፈረንሳይኛን ቋንቋ አጥብቀው ያዙ፤ ይህም ቋንቋ ለአውሮፓ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ በር ከፈተላቸው። የኢጣልያ ወረራ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የብዙዎቹ የዘመኑ ወጣቶች ትምህርት እንደተቋረጠ ሁሉ የእርሳቸውም መደበኛ ትምህርት ተቋረጠ። ይሁን እንጂ ንባባቸው አልተቋረጠም። ከዚያ ወዲያ ያካበቱትን ሰፊ ዕውቀት ያገኙት በአብዛኛው ያለ አስተማሪ፣ በግል ንባብ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ ለዩኒቨርሲቲ የሚበቃ መጽሐፍ መጻፋቸው የዚህ ትጋት ፍሬ ነው።

በ1933 ዓ.ም. አገሪቱ ነጻነቷን ስትመልስ የተማረ ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። በወረራው ዘመን ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ስላለቁ፣ የተረፉት ሁሉ በየመሥሪያ ቤቱ ተፈላጊዎች ሆኑ። ከበደ ሚካኤልም በመጀመሪያ በጋዜጣና በሬዲዮ ሥራ፣ ቀጥሎም በትምህርት ሚኒስቴርና በሌሎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በከፍተኛ ኃላፊነት አገልግለዋል፤ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም ሠርተዋል። የቢሮ ሥራቸው ቀኑን ሲወስድባቸው ደራሲነታቸው ሌሊቱን ሳይሻማ አልቀረም፤ ያሳተሟቸው መጻሕፍት ብዛት ይህን ያስረዳልና።

ከሥራዎቻቸው መካከል ለመምህሩ ይበልጥ የቀረቡት «ብርሃነ ኅሊና» እና «ታሪክና ምሳሌ» ናቸው። በተለይ «ታሪክና ምሳሌ» በተከታታይ ክፍሎች ወጥቶ በየትምህርት ቤቱ ተሠራጭቷል። ልጁ በቀላሉ ሊያነበው፣ ሊያጠናው፣ ቁም ነገሩንም ሊይዘው በሚችል አቀራረብ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ የማስተማሪያ መጽሐፍ እጥረት በነበረበት በዚያን ዘመን ለአማርኛ መምህር ታላቅ እርዳታ ነበር። ከተውኔቶቻቸው «የትንቢት ቀጠሮ»፣ «አኒባል»፣ «ካሌብ» እና «አክዓብ» ይታወቃሉ። የሼክስፒርን «ሮሜዎና ጁልየት» በአማርኛ ግጥም በማቅረባቸውም የአማርኛ ቋንቋ የሌላውን ዓለም ከፍተኛ ሥነ ጽሑፍ ለመሸከም እንደሚችል ለተጠራጣሪዎች አሳይተዋል።

ከልቦለዱና ከግጥሙ ሌላ ስለ አገር ዕድገት የጻፏቸው ሁለት መጻሕፍት በተለይ ሊጠቀሱ ይገባል። እነርሱም በ1941 ዓ.ም. የወጣው «ኢትዮጵያና ምዕራባዊ ሥልጣኔ» እና በ1946 ዓ.ም. የወጣው «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ናቸው። የሁለቱም ጭብጥ ተመሳሳይ ነው። ጃፓን ባሕር ማዶ ካለ ኃይል ጋር ስትፋጠጥ መንገዷን ያገኘችው በትምህርት መሆኑን፣ ኢትዮጵያም ጥንታዊ ነጻነቷን ለማጽናት ይህንኑ መንገድ መያዝ እንደሚገባት ደራሲው ለአንባቢ ያስረዳሉ። ከእርሳቸው በፊት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን የመሳሰሉ ምሁራን ዓይናቸውን ወደ ጃፓን አቅንተው ነበር። ከበደ ሚካኤል ይህን ሐሳብ ከምሁራን ክርክር አውጥተው ለተራው አንባቢና ለተማሪው አደረሱት።

የአንድ አገር ሥልጣኔ በትምህርት ላይ ይቆማል ከተባለ፣ ትምህርቱ ደግሞ በመምህሩ ላይ ይቆማል። መምህሩስ በምን ላይ ይቆማል? «ኢትዮጵያና ምዕራባዊ ሥልጣኔ» በወጣበት በዚያው በ1941 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር መመሥረቱ ያለ ምክንያት አይደለም። አገሪቱ ትምህርት ቤት በየአውራጃው ስትከፍት፣ የመምህሩ ደመወዝ፣ ደረጃና የወደፊት ኑሮ ጉዳይ ከመምህሩ ራሱ መነሣት ነበረበት።

እስከዚያ ዘመን ድረስ የመንግሥት ሠራተኛ እርጅና የሚደገፍበት አንድ ወጥ ሕግ አልነበረም። ለባለሥልጣንና ለወታደር መደሪያ መሬት ይሰጥ ነበር፤ ለአንዳንድ ታማኝ አገልጋይ ደግሞ በልዩ ትእዛዝ ድጎማ ይቆረጥለታል። ይህ ሁሉ የንጉሥ ችሮታ እንጂ የሠራተኛው መብት አልነበረም፤ ችሮታ ደግሞ ሰጪው ሲቀየም ወይም ሲሞት ይቀራል። ይህ አሠራር የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው ድንጋጌ ቁጥር 46 እና እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ሲቪል ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መንግሥትም 6 በመቶ እያዋጡ ፈንድ እንዲቋቋም ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የመምህሩ ጡረታ ከችሮታነት ወጥቶ ራሱ የከፈለበት፣ በሕግ የታወቀ መብት ሆነ። በመምህራን የኑሮ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ እርምጃ ጥቂት ነው።

በዚያው ዘመን ከበደ ሚካኤል በዝናቸው ጫፍ ላይ ነበሩ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የሚሰጠውን ሽልማት ለእርሳቸው ሰጠ። በአዲስ አበባ የግል መኖሪያ ነበራቸው፤ መጻሕፍታቸው ይሸጡ ነበር፤ ስማቸው በተማረው ዘንድ ሁሉ ይታወቅ ነበር። በዚያን ጊዜ ያያቸው ሰው እርጅናቸው ያስጨንቃቸዋል ብሎ ሊያስብ አይችልም ነበር። ቤትም፣ ስምም፣ ወዳጅም ያለው ሰው ዋስትና አለው ይባላልና።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ። የትምህርቱን ዘርፍ እንደገና ለማደራጀት የቀረበው ጥናት በሕዝቡ ልጆች የትምህርት ዕድልና በመምህሩ ኑሮ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከቁጣው ምክንያቶች ዋነኛው ነበር። የመምህራኑ አድማ ከወታደሩ፣ ከተማሪውና ከታክሲ ነጂው እንቅስቃሴ ጋር ተያይዞ የዘውዱን መንግሥት አናጋው፤ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ይህ 1967 ዓ.ም. በከበደ ሚካኤል ሕይወትም በትውልድ አገራቸው ታሪክም የተለየ ዓመት ሆነ። በታኅሣሥ ወር ባንኮችና የኢንሹራንስ ድርጅቶች የመንግሥት ሆኑ። በየካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። በሐምሌ ወር ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ተወረሰ። ብዙ ጭሰኛ ከባላባት ቀንበር የወጣበት ዘመን በመሆኑ ለብዙዎች የነጻነት ዓመት ነበር፤ ይህም መካድ የለበትም። ነገር ግን አዋጅ ሲሠራ ዘርዝሮ አይመለከትም። የከበደ ሚካኤል ቤትና ንብረት ተወረሰ። የስልሳ ዓመት ዕድሜ ደጃፍ ላይ የደረሱት ደራሲ ያፈሩትን አጥተው ከቤታቸው ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ የነበራቸውን ረጅም ዕድሜ ያሳለፉት በሆቴል ክፍል ውስጥ ነው። ለአንባቢ ሰው ትልቁ ሀብት መጽሐፍና መጽሐፉን የሚያሳርፍበት ቤት ነው። ይህን ለመቀማት ጦርነት አላስፈለገም፤ አንድ አዋጅ በቅቶታል።

በዚያው ዓመት የገጠር መሬት አዋጅ የጓሳን ምድርም ደረሰበት። አጽመ ርስት ሲሻር የቄሮ ሥርዓት መሠረቱን አጣ። ምድሩ የሁሉም ሆነ ሲባል ጠባቂ የሌለው ሆነ፤ ይዘጋ የነበረው ሣር ሳይዘጋ ይታጨድና ይጋጥ ጀመር። ለድርቅ የሚጠራቀመው ነገር በየዕለቱ ሲበላ፣ ድርቅ ሲመጣ የሚከፈት ነገር አይኖርም። የመንዝ ተወላጁ ደራሲ በአዲስ አበባ ያጡትን፣ የመንዝ ገበሬ በዚያው ዓመት በደጋው ላይ አጣው፤ ሁለቱም ለክፉ ቀን ያኖሩትን ነው።

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች የሚወሰደው ትምህርት አንድ ዓይነት አይደለም። ከደራሲው ታሪክ የምንማረው፣ ሰው ብቻውን በስሙ ያኖረው ሀብት ምንም ያህል በላቡ የተገኘ ቢሆን ለእርጅና በቂ ዋስትና አለመሆኑን ነው። መምህር ደግሞ ከመጀመሪያውም የሚያኖረው ትርፍ የለውም። ከጓሳ ታሪክ የምንማረው ሌላ ነው፤ ይኸውም የጋራ የሆነ ተቀማጭ እንኳ ጠባቂው ከተነሣ እንደማይቆይ ነው። ስለዚህ መምህሩ የሚያስፈልገው የጋራ ፈንድ ነው፤ ፈንዱ ደግሞ የሚያስፈልገው ባለቤቶቹ የሚያዩት ጠባቂ ነው።

የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ፈንድ ከ1967 ዓ.ም. ለውጥ ተርፎ ቀጥሏል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥም ቀጥሏል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሁለት ሥርዓተ መንግሥት ሲፈርስ ያልፈረሰ የውል ግዴታ በአገራችን ብዙ የለም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 ለአሥርታት በ4ና በ6 በመቶ ላይ ቆሞ የነበረውን መዋጮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ከፍ አድርጎ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው መሥሪያ ቤት 11 በመቶ እንዲከፍሉ ወሰነ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1267 ወጣ። መዋጮ የሚጨምረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተጧሪው ሲበዛና ዕድሜው ሲረዝም፣ የቀድሞው መዋጮ የወደፊቱን አበል ሊሸፍን ስለማይችል ነው።

የአበሉ ስሌትም ሊታወቅ ይገባል። በ2003ቱ አዋጅ መሠረት 10 ዓመት ያገለገለ ሲቪል ሠራተኛ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ይከፈለው ከነበረው አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያውም 70 በመቶ ነው። እንግዲህ 30 ዓመት ያስተማረ መምህር የሚደርሰው 55 በመቶ ነው። ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ ይህም በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ እስከ 60 ዓመቱ ያለ ማቋረጥ ያስተማረ ሰው ብቻ የሚያገኘው ነው። በሌላ አነጋገር መምህሩ ጡረታ በወጣበት ቀን ገቢው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው የዋጋ ንረት ነው።

የፈንድ እጥረት ሲባል ብዙ ሰው ካዝናው ባዶ ሆኖ የሚከፈል ብር የሚጠፋበትን ቀን ያስባል። በአገራችን እስካሁን ይበልጥ የታየው እጥረት ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ ብሩ አለ፣ የሚገዛው ግን የለም። የጡረታ ፈንድ ገንዘብ ለብዙ ዓመታት ይውል የነበረው በመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ነበር። ሰነዱ በ2012 ዓ.ም. በገበያ ጨረታ መሸጥ እስኪጀምር ድረስ የሚያስገኘው ወለድ ከ3 በመቶ በታች ነበር። በዚያው ዘመን የዋጋ ንረቱ በብዙ ዓመታት ከ10 በመቶ ይበልጥ ነበር። ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ 100 ብር በ2 በመቶ ወለድ ተቀምጦ በዓመቱ 102 ብር ቢሆን፣ የገበያው ዋጋ ደግሞ በ15 በመቶ ቢጨምር፣ ያ 102 ብር የሚገዛው ቀድሞ በ89 ብር የሚገዛውን እንኳ አይሞላም። መዝገቡ ትርፍ ይላል፤ ገበያው ኪሳራ ይላል። ይህ መምህሩ ሳይጠየቅ ለመንግሥት በርካሽ ያበደረው ገንዘብ ነው ለማለት ያስደፍራል።

በተጧሪው በኩልም ነገሩ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲደርስ፣ ያልተስተካከለ 100 ብር አበል ከዓመት በኋላ የሚገዛው ቀድሞ በ77 ብር ይገዛ የነበረውን ነው። የአበል ማስተካከያ በየጊዜው ይደረጋል፤ ይሁን እንጂ የሚደረገው በመንግሥት ውሳኔ እንጂ ኑሮው በጨመረ ቁጥር በራሱ ተከትሎ የሚጨምር አይደለም። ስለዚህ በማስተካከያዎቹ መካከል ባሉት ዓመታት የሚደርሰውን ጉዳት የሚሸከመው ሽማግሌው ነው። እዚህ ላይ የችሮታው ዘመን ጥላ ገና አልጠፋም ማለት ነው።

ሦስተኛው የእጥረት ዓይነት መንገዱ የሚዘጋበት ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ በነበረው ጦርነት ባንኮች ሲዘጉ፣ ዕድሜ ልካቸውን መዋጮ የከፈሉ ጡረተኞች ለብዙ ወራት አበላቸውን ሳያገኙ ኖረዋል፤ ከእነርሱም መካከል ብዙ መምህራን ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የብዙ ትምህርት ቤቶች በር ተዘግቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፈንዱ ሙሉ መሆኑ ብቻ ለሽማግሌው አይበቃውም። መብቱ እንዳለ ሆኖ እህል የሚገዛበት ብር እጁ ካልገባ፣ በሕግ የተጻፈው ዋስትና በሕይወት ዘመኑ አይደርስለትም።

ይህ ችግር የድኻ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1970 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ሊቀነስ የማይችል የውል መብት መሆኑን ደንግጋለች። ነገር ግን ግዛቲቱ ለመምህራን ፈንድ መክፈል የሚገባትን ለብዙ ዓመታት አጓድላ ስለ ነበር ከፍተኛ ጉድለት ተፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ2013 አበሉን የሚቀንስ ሕግ ወጣ፤ ሠራተኞቹ ተከራከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው። መምህራኑ በሕግ አሸነፉ፤ ጉድለቱ ግን እንዳለ ቀረ። ከዚህ የምንረዳው የሕጉ ጥንካሬና የፈንዱ ሙሉነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንና አንዱ ሌላውን ሊተካ አለመቻሉን ነው።

እንግዲህ የሙያ ማኅበር ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች ከዚህ ይወጣሉ። አንደኛ፣ ፈንዱ የወደፊት ግዴታውን ለመወጣት ያለው አቅም በየተወሰነ ዓመት በባለሙያ ተመርምሮ ውጤቱ ለመዋጮ ከፋዩ ይፋ እንዲሆን ነው። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ በሚቀመጥበትና በሚሠራበት ጉዳይ ላይ የባለቤቶቹ ወኪሎች ድምፅ እንዲኖራቸው ነው። ሦስተኛ፣ የአበል ማስተካከያ በታወቀ ጊዜና በታወቀ መለኪያ እንዲደረግ ነው። አራተኛ፣ በጦርነትና በአደጋ ጊዜ አበሉ ሳይቋረጥ የሚደርስበት መንገድ አስቀድሞ እንዲዘጋጅ ነው። እነዚህ ጥያቄዎች ከጓሳ ሽማግሌዎች ደንብ የራቁ አይደሉም። እነርሱም ስንት ሣር እንዳለ ያውቁ ነበር፤ ጠባቂውን ራሳቸው ይመርጡ ነበር፤ መቼ እንደሚከፈት በጉባኤ ይወስኑ ነበር፤ በችግር ጊዜ ለሁሉም እንዲደርስ ያደርጉ ነበር።

የጓሳም ታሪክ በ1967 ዓ.ም. አላበቃም። አገሬው የጠፋበትን ሥርዓት ጉዳት በዓይኑ ካየ በኋላ፣ አሮጌውን ስም ሳይሆን አሮጌውን ሐሳብ ይዞ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ተደራጀ። ምድሩ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በሕዝብ የሚጠበቅ ስፍራ ሆኖ ዕውቅና አግኝቷል፤ ሣሩም እንደገና ይዘጋል፣ እንደገና ይከፈታል። አዋጅ ያፈረሰውን የሰዎች ስምምነት መልሶ ሊያቆመው እንደሚችል ይህ ማስረጃ ነው፤ ነገር ግን በመካከሉ ያለፉት ዓመታት ለከሰሩት ሰዎች አይመለሱላቸውም።

ለከበደ ሚካኤልም የተመለሰላቸው ክብር ዘግይቶ የመጣ ነበር። በሕይወታቸው መጨረሻ አካባቢ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። ዩኒቨርሲቲ ያልገቡት ሰው ለትምህርት ያበረከቱት በከፍተኛው የትምህርት ተቋም ዘንድ መታወቁ ተገቢ ነበር። በኅዳር 1991 ዓ.ም. በ82 ዓመታቸው አረፉ። የተዉልን ከብዙ መጻሕፍት ጋር ስለ ትምህርት ኃይል የነበራቸውን ጽኑ እምነት ነው።

እኒህን ታላቅ ሰው ሽልማት፣ ማዕረግና የክብር ስም ሁሉ አግኝተዋቸዋል፤ በእርጅናቸው ዘመን የጎደላቸው የራሳቸው የሆነና ማንም የማይነካው መጠጊያ ነበር። በገጠር ትምህርት ቤት 30 ዓመት አስተምሮ ጠመኔውን የሚያስቀምጥ መምህር ሽልማትም የክብር ዶክትሬትም አይጠብቅም። የሚጠብቀው በየወሩ ከደመወዙ የተቆረጠው ገንዘብ፣ በተቆረጠበት ጊዜ የነበረውን ዋጋ ይዞ፣ በቀኑ እጁ እንዲገባ ነው። ይህን ማረጋገጥ ዛሬ በሥራ ላይ ያለነው መምህራንና ማኅበራችን በጋራ የምንሸከመው ግዴታ ነው፤ ፈንዱን የምንጠብቀው ለቀደሙን ብቻ ሳይሆን ነገ በእነርሱ ቦታ ለምንቆመው ለራሳችንም ነውና።